ከደማስቆ እስከ አሶሳ፦ አንድ የቀደር ጥያቄ የተጓዘው መንገድ



አሶሳን የምታውቁ ሁሉ ገበያዋን ታውቃላችሁ። በርታው በበርታኛና በዐረብኛ ይገበያያል፤ ከወሎ በሰፈራ የመጣው በአማርኛ ይከራከራል፤ ኦሮሞው፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ጉሙዙ በየቋንቋው ይጣራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በክልላችን ከመቶው 45 ያህሉ ሙስሊም፣ 33 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 13 ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 7 ያህሉ ደግሞ የባህላዊ እምነት ተከታይ ሆኖ ተቆጥሯል። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ሃይማኖት የሚወራው በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ አይደለም። በእህል ተራ፣ በባጃጅ ላይ፣ ውሃ በሚቀዳበት ቦኖ ዘንድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ይወራል።

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ጓደኞቹ ሁሉ ሲሄዱ እርሱ ብቻውን ቀረ። ጫማውን እያየ ቆይቶ፣ «ኡስታዝ፣ አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ አንድ ነገር ጠይቆኝ መልስ አጣሁ» አለኝ። ጓደኛው የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው። ጥያቄውም እንዲህ ነበር፦ «እናንተ ሁሉን ነገር አላህ ጽፎታል ትላላችሁ። ሌባው ሲሰርቅም ተጽፎበት ነው ማለት ነው። ታዲያ ራሱ ጽፎበት ሲያበቃ በምን ፍርድ ይቀጣዋል? የእኛ አምላክ ግን ሰውን ነጻ አድርጎ ፈጥሮታል።»

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ መጀመሪያ ያልኩት፣ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ይልቅ ኢስቲግፋር አድርግ» ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ሄደ። ሲሄድ ጀርባውን አይቼ አንድ ነገር ከበደኝ። ያን ሌሊት የኢማም ሙስሊምን የሐዲስ ስብስብ ገለጥኩ፤ አፈርኩም። ለምን ቢባል፣ የኢማን መጽሐፍ ተብሎ በሚጠራው የዚያ ኪታብ ክፍል መክፈቻ ላይ የሰፈረው ሐዲስ የተነገረው ይህንኑ የቀደር ጉዳይ ይዘው ለመጡ ሁለት ሰዎች መልስ ሆኖ ነው። እነዚያን ሁለት ሰዎች ሶሓባው «አትጠይቁ» ብሎ አላባረራቸውም። በማግስቱ ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ በኋላ ያጫወትኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማቀርበው።

በደማስቆ የተነሳው ክርክር

የልጁ ጓደኛ ያነሳው ጥያቄ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው። ደማስቆ በሙስሊሞች እጅ የገባችው በ635 እ.ኤ.አ. ነበር። ከተማዋ ስትያዝ በውስጧ ከነበሩት ታላላቅ የክርስቲያን ቤተሰቦች አንዱ የመንሱር ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ከእስልምና በፊትም ሆነ በኋላ የግብርና የገንዘብ ጉዳይ ያስተዳድር ነበር፤ ሰርጁን ኢብኑ መንሱር የተባለው ሰው ለሙዓዊያና ለዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን በጸሐፊነት አገልግሏል። የዚህ ሰው ልጅ ነው ክርስቲያኖች ዮሐንስ ዘደማስቆ ብለው የሚጠሩት። ዮሐንስ በ749 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞተ ሲሆን፣ እንደ ታሪኩ ከቤተ መንግሥት ሥራ ወጥቶ በቁድስ አቅራቢያ ባለው በማር ሳባ ገዳም መንኩሷል። ስለ እስልምና ከጻፉት ክርስቲያኖች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው።

በዮሐንስ ስም የሚታወቅ አንዲት አጭር የክርክር መጽሐፍ አለች። ተመራማሪዎች የእርሱ ለመሆኗ እርግጠኛ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከእርሱ በኋላ ለተነሳው ለሐራኑ ጳጳስ ለቴዎድሮስ አቡ ቁራ ትምህርት ያስጠጓታል። የማንም ትሁን የማን፣ መጽሐፏ የምትከፈተው ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) በመከራከር ሳይሆን በቀደር ጥያቄ ነው። ሙስሊሙ ክርስቲያኑን የደግና የክፉ ምንጭ ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል። ክርስቲያኑም ደግ ነገር ከአምላክ፣ ክፉ ግን ከሰው ነጻ ፈቃድና ከሰይጣን ነው ብሎ ይመልሳል። ከዚያም መልሶ ያጠቃዋል፦ ክፉውንም ያዘዘ አምላክ ነው ካልክ፣ ሌባና ነፍሰ ገዳይ የአምላክን ፈቃድ ፈጸሙ እንጂ ምን አጠፉ? እንዲያውም ሊመሰገኑ በተገባ ነበር ይለዋል። ሙስሊሙም በዝሙት በተጸነሰ ሕፃን ይጠይቀዋል፤ ሕፃኑን በማኅፀን የሚሠራው አምላክ ከሆነ ከዘማዊው ጋር ተባበረ ማለት ነውን? ይላል። ክርስቲያኑ አምላክ በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥረትን ፈጽሟል፣ ከዚያ ወዲህ ዘር በዘሩ ይቀጥላል ብሎ ያመልጣል።

አያችሁ? የአሶሳው ተማሪ ያነሳው ነገር በዚያች መጽሐፍ ውስጥ ሌባውም ጭምር ሳይቀር ተጽፏል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው ሙስሊም ጸሐፊው ባዋሰው ምላስ ነው የሚናገረው። መሸነፉም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ይህን ስል ክርስቲያኖችን ብቻ መክሰሴ አይደለም፤ የእኛም ሰዎች በጻፏቸው የክርክር መጻሕፍት ውስጥ ያለው ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ምላሱ የተዋሰ ነው። ሁለተኛ፣ በመጽሐፏ ውስጥ ያለው ሙስሊም የያዘው አቋም ሰው እንደ ላባ በነፋስ የሚነዳ ነው የሚለው አቋም ነው። ይህን አቋም የእኛው ዑለማዎች ጀብሪያ ብለው ሰይመው ውድቅ አድርገውታል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ያሸነፈው እስልምናን ሳይሆን ጀብሪያን ነው።

ሁለቱ መንገደኞችና ኢብኑ ዑመር

አሁን ከደማስቆ ወደ በስራ እንሂድ፤ ዘመኑም ከዚያ ይቀድማል። በበስራ መዕበድ አልጁሀኒ የተባለ ሰው ተነስቶ ነገር ሁሉ ገና አሁን የሚጀመር ነው፣ አስቀድሞ የተወሰነ ቀደር የለም ማለት ጀመረ። አል-አውዛዒይ እንደዘገቡት ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ከዒራቅ ሰዎች አንዱ፣ ክርስቲያን የነበረና ሰልሞ የተመለሰ ሰው ነው፤ መዕበድ ከእርሱ ወሰደው። ከዚህ ተነስተው አንዳንድ የምዕራብ ተመራማሪዎች ሙስሊሞች የቀደርን ክርክር ሙሉ በሙሉ ከክርስቲያኖች ተበደሩ ብለዋል። ይህ ግን አይጸናም። ቁርኣን ራሱ በመካ ሳለ ስለ አላህ ፈቃድም ስለ ሰው ምርጫም ተናግሯልና፣ ጥያቄው በቤታችን የተወለደ ነው። ከጎረቤት ጋር መነጋገር ጥያቄውን አሳለው እንጂ አልወለደውም።

የሕያ ኢብኑ የዕመርና ሑመይድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ለሐጅ ወይም ለዑምራ ሲጓዙ ከሶሓቦች አንዱን ብናገኝ ይህን ነገር እንጠይቀው ነበር ተባባሉ። አላህ ገጠማቸውና ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ.) ወደ መስጊድ ሲገቡ አገኟቸው። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሆነው ያዟቸው። በአገራቸው ቁርኣን የሚቀሩ፣ ዕውቀትን የሚፈልጉ፣ ግን ቀደር የለም የሚሉ ሰዎች መነሳታቸውን ነገሯቸው። ኢብኑ ዑመርም በእነዚያ ሰዎች አባባል እንደማይስማሙ በጽኑ ቃል ተናገሩ፤ ቀጥለውም ከአባታቸው ከዑመር (ረ.ዐ.) የሰሙትን የጅብሪልን ሐዲስ አወሩላቸው። ነጭ ልብስ የለበሰ፣ የመንገድ አቧራ የማይታይበት እንግዳ መጥቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እስልምና፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን የጠየቀበትን ማለት ነው። በዚያ ሐዲስ ውስጥ በቀደር ማመን፣ ደጉም ክፉውም፣ ከኢማን መሠረቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል።

ሕፃናቶቻችን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት ሐዲስ ከጥያቄ የተወለደ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? ኢብኑ ዑመር ጠያቂውን ሳይሆን የተሳሳተውን አባባል ነው የተቃወሙት። እኔ ግን ልጁን ነበር የተቃወምኩት።

ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር

አሁንም ወደ ኋላ እንሂድ። በ18 ዓመተ ሂጅራ፣ በ639 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ በሻም አገር ወረርሽኝ ገባ። የዐምዋስ ወረርሽኝ ይባላል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሠራዊቱን ለመጎብኘት ከመዲና ወጥተው ከሻም ድንበር ደርሰው ነበር። የጦር አዛዦቹ ወጥተው ተቀበሏቸውና በሽታው መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ሙሃጅሮችን ሰብስበው ጠየቁ፤ ሐሳባቸው ተከፈለ። አንሷሮችን ጠየቁ፤ እነርሱም ተከፈሉ። የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ፤ እነርሱ በአንድ ቃል ሕዝቡን ይዘህ ተመለስ አሉ። ዑመርም ሊመለሱ ወሰኑ።

በዚህ ጊዜ የሻሙ አዛዥ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.)፣ ጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ፣ ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነውን? ብለው ጠየቋቸው። ዑመር ይህን ከአቡ ዑበይዳ መስማታቸው አሳዘናቸው። መልሳቸውም አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል ነበር። ቀጥለው ምሳሌ ሰጡ። ግመሎች ቢኖሩህና ሁለት ገጽ ያለው ሸለቆ ውስጥ ብትወርድ፣ አንዱ ገጽ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? በደረቁስ ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? አሉ። ከዚያ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከጉዳያቸው ተመልሰው መጡና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ተናገሩ፦ በአንድ አገር ወረርሽኝ መግባቱን ስትሰሙ አትግቡበት፤ ባላችሁበት ከገባም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚል ትእዛዝ ነው። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ከሠራዊታቸው ጋር ቀሩ፤ በዚያው ወረርሽኝም ሞቱ። አላህ ሁለቱንም ይውደድላቸው።

ውድ ወላጆች! የከብት ጠባቂ ልጅ የዑመርን ምሳሌ ከፈላስፋ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል። ሣሩን ያበቀለው አላህ ነው፤ ሸለቆውን የዘረጋው አላህ ነው፤ ከብቱን ወደ ለምለሙ የመንዳት ኃላፊነት ግን የእረኛው ነው። እረኛው ሰነፍ ሆኖ ከብቱን በደረቁ ገደል ቢጨርስ ባለቤቱ ዘንድ ቀርቦ «ተጽፎ ነበር» ቢል ማን ይቀበለዋል? በክልላችን ቆላ ወባ ብርቱ ናት። አጎበር ተሰጥቶት አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው፣ ልጁ ሲታመምበት «ቀደር ነው» ቢል ግማሹን እውነት ተናገረ። በሽታውም ቀደር ነው፤ አጎበሩም ቀደር ነበር። እርሱ ከሁለቱ ቀደሮች በደረቁ ገጽ አሰማራ።

ቀደር በገዢዎች አፍ

እንግዲህ ጉዳዩ በሶሓቦች ዘመን ይህን ያህል ግልጽ ከነበረ ለምን ኋላ ተወሳሰበ? አንዱ ምክንያት ፖለቲካ ነው። በበኒ ኡመያ ዘመን ደም ያፈሰሱና ገንዘብ የነጠቁ ገዢዎች ሥራችን በአላህ ቀደር የሚሄድ ነው እያሉ ያመካኙ ነበር። መዕበድ አልጁሀኒ ከጓደኛው ጋር ወደ ሐሰን አልበስሪ (በ110 ዓ.ሂ.፣ በ728 እ.ኤ.አ. የሞቱ) ሄደው ይህን ሲያመለክቱ፣ ሐሰን እነዚያ የአላህ ጠላቶች ዋሹ ማለታቸውን ኢብኑ ቁተይባ ዘግበዋል። በስማቸውም ለዐብዱልመሊክ የተጻፈች በዚህ ጉዳይ ላይ የምትነገር ሪሳላ አለች።

መዕበድ በ80 ዓ.ሂ. ገደማ ተገደለ። ከእርሱ በኋላ ጘይላን አድዲመሽቂ በሂሻም ዘመን ተገደለ። በሌላኛው ጫፍ ሰው ምንም ምርጫ የለውም ያለው ጀህም ኢብኑ ሰፍዋን በዐመፅ ውስጥ ገብቶ በ128 ዓ.ሂ. ተገደለ። ይህን ስታዩ የመዕበድ ስሕተት ከየት እንደመነጨ ይገባችኋል። በዳይ በአላህ ስም ሲያመካኝ አይቶ በዳዩን ሊያስተባብል ሲል የአላህን ዕውቀትና ውሳኔ እስከ መካድ ደረሰ። ቁጣው የተገባ ነበር፤ መንገዱ ግን ጠፋበት።

ይህን ነገር የሩቅ ታሪክ አድርጋችሁ አትለፉት። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በክልላችን በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በበኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ባንድ ቀን ተገደሉ። ለቅሶ ስንደርስ ምን እንላለን? «ቀናቸው ደርሶ ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» እንላለን። ልቡ ለተሰበረ ሰው ይህ ቃል መድኃኒት ነው። ነገር ግን ያንኑ ቃል ገዳዩ ቢወስደው ምን ይሆናል? መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል፤ ልክ በበኒ ኡመያ ገዢዎች አፍ እንደሆነው።

ዑለማዎች ይህን በአንድ ታላቅ መለያ ለይተውታል። ቀደር ለመከራ ማጽናኛ ነው፤ ለኃጢአት ማመካኛ አይደለም። መሠረቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩን የአደምና የሙሳ (ዐ.ሰ.) ክርክር ነው። ሙሳ አደምን ከጀነት ስላስወጣን ሲወቅሳቸው፣ አደም ከመፈጠሬ በፊት በተጻፈብኝ ነገር ትወቅሰኛለህን? ብለው ረቱት። አደም ከዚያ በፊት ስለ ጥፋታቸው ተውበት አድርገው አላህም ተቀብሏቸዋል፤ የረቱት ለወረደው መከራ ነው እንጂ ጥፋቱን ጥፋት አይደለም ለማለት አይደለም። ኢብሊስ ግን አሳሳትከኝ ብሎ በጌታው አመካኘ። ሁለቱም ቀደርን ጠሩ፤ አንዱ ተመልሶ፣ አንዱ አምፆ። በሱረቱል አንዓምም አጋሪዎቹ አላህ ቢሻ ኖሮ ባላጋራን ነበር ብለው እንደሚያመካኙ ተነግሮ ማመካኛቸው ውሸት ተብሏል።

ዑለማዎች እንዴት አስታረቁት?

በኋላ ዘመን ሙዕተዚላዎች ሰው የራሱን ሥራ ራሱ ይፈጥራል አሉ። ጀብሪያዎች ሰው ምንም የለውም አሉ። አቡልሐሰን አልአሽዐሪ (በ324 ዓ.ሂ.፣ በ935 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞቱ) እስከ አርባ ዓመታቸው ድረስ ከሙዕተዚላ ጋር ነበሩ፤ ተመልሰው ግን ሥራን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ባሪያው ግን ያገኘዋል፣ ይሸከመዋል አሉ። ይህንን ከስብ ብለው ጠሩት። በሰመርቀንድ አቡ መንሱር አልማቱሪዲ (በ333 ዓ.ሂ. የሞቱ) የባሪያውን ምርጫ ይበልጥ አጉልተው አስረዱ። ኢብኑ ተይሚያ (በ728 ዓ.ሂ. የሞቱ) ደግሞ በሌላ አገላለጽ ባሪያው በእውነት ሠሪ ነው፣ አላህም የሠሪውና የሥራው ፈጣሪ ነው አሉ። በቃላቱ ይለያዩ እንጂ የሚገናኙበት ቦታ አለ፦ ከአላህ ዕውቀትና ፈቃድ የሚወጣ ነገር የለም፤ ባሪያውም ምርጫ ያለውና ተጠያቂ ነው። በሱረቱ ተክዊር መጨረሻ ቁርኣን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይላቸዋል፤ መጀመሪያ ቀጥ ማለት ለሚሻ ሰው መሆኑን፣ ቀጥሎ ደግሞ የዚያ ሰው መሻት ከአላህ መሻት ውጭ አለመሆኑን።

ለልጁ ያስረዳሁት በዓባይ ነው። በጉባ ወረዳ ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከሠሩት ሰዎች መካከል ውሃውን እኛ ፈጠርነው የሚል የለም፤ የድንጋዩን ጥንካሬ፣ የክንዱን ጉልበት፣ ዝናቡን የሰጠ አላህ ነው። ውሃው በአላህ ፈቃድ የሚወርድ ስለሆነ ሥራ አያስፈልግም ብሎ የተቀመጠም የለም። ደመወዙን የተቀበለ ሰው በሠራው ልክ ተቀበለ። ምሳሌ ምሳሌ ነው፤ ሁሉን አይሸፍንም። ግን ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

በተጨማሪም ዐሊይ (ረ.ዐ.) የዘገቡትን ነገርኩት። በመዲናው መቃብር በቀብር ላይ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእያንዳንዱ ሰው መኖሪያ የታወቀ መሆኑን ሲናገሩ ሶሓቦቹ እንግዲያው ሥራ ትተን በተጻፈው አንመካምን? ብለው ጠየቁ። ሥሩ አሏቸው፤ ሁሉም ለተፈጠረለት ነገር ይገራለታልና። አስተውሉ! የእኛን ተማሪ ያስጨነቀው ጥያቄ ለረሱል ራሳቸው ቀርቧል። መልሳቸውም ወደ ሥራ የሚመልስ ነው።

ጥያቄው የእነርሱም ነው

ከዚያ ልጁን፣ «ጓደኛህ 'የእኛ' ሲል የትኞቹን ማለቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ሆነው አያውቁም። ፔላጊዎስ የተባለ መነኩሴ ሰው በራሱ ፈቃድ ጽድቅን መሥራት ይችላል ሲል፣ አውግስጢኖስ (በ430 እ.ኤ.አ. የሞተ) ያለ አምላክ ጸጋ አይችልም ብሎ ተከራከረው፤ የፔላጊዎስ ትምህርት በ418 በካርታጎ ጉባኤ ተወገዘ። በ1524 ኤራስመስ ስለ ነጻ ፈቃድ ጻፈ፤ በ1525 ማርቲን ሉተር የሰው ፈቃድ የታሰረ ነው ብሎ መለሰለት። ካልቪን አምላክ አስቀድሞ ለመዳንም ለጥፋትም መርጧል አለ። የአርሚኒዎስ ተከታዮች ይህን ሲቃወሙ በ1618 እና በ1619 በሆላንድ በዶርድሬኽት ከተማ ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ አርሚኒዎሳውያን ተፈረደባቸው። ዌስሊ ደግሞ በ18ኛው መቶ ዘመን የአርሚኒዎስን ወገን ይዞ ከገዛ ጓደኛው ከዋይትፊልድ ጋር ተለያየ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ቤተ ክርስቲያንነት የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ የሉተር ወገን ናት፤ የጴንጤቆስጤዎቹ ቤተ ክርስቲያናት በአብዛኛው ወደ ዌስሊ መንገድ ያደላሉ፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነጻ ፈቃድን ታስተምራለች። ሁሉም የሚያነቡት የጳውሎስ የሮሜ መልእክት 9ኛ ምዕራፍ ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ጭቃው ይናገራል፤ እዚያ ላይ የሚነሳው ጥያቄ የእኛው ጥያቄ ነው።

ይህን የምነግራችሁ በጎረቤታችን ለመሳለቅ አይደለም። ሁሉን ያውቃል፣ ሁሉን ይችላል፣ ፍትሐዊም ነው ተብሎ የሚታመን ጌታ ያለው ሕዝብ ሁሉ ይህን ጥያቄ መጋፈጡ አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው ሙስሊሙን ብቻ የሚወጋ ጦር አይደለም፤ እጀታውም ይወጋል።

በዚህ ምድር የተደረጉ ክርክሮች

በኢትዮጵያ ምድር የሙስሊምና የክርስቲያን የመጀመሪያው ውይይት የተደረገው በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢጣሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ቆመው ከሱረቱ መርየም የቀሩበት ጊዜ። ነጃሺ አዳመጠ፤ ልዩነት እንዳለ እያወቀ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም።

ከዚያ ዘጠኝ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1540 እ.ኤ.አ. የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን የተባለችውን መጽሐፍ በግዕዝ ለኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ጻፈ። ዕንባቆም የመን የተወለደ፣ ሙስሊም የነበረና የከተረ ሰው ነው፤ ቁርኣንንም እየጠቀሰ ይከራከራል። ዋና ጉዳዩ ቀደር ሳይሆን የክርስትናን እውነትነት ከቁርኣን ለማሳየት መሞከር ነው። በማስረጃው አንስማማም። ነገር ግን በጦርነት መካከል ተቀምጦ ብዕር ያነሳ ሰው ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የክርስቲያኖቹን የእርስ በርስ የሃይማኖት ክርክር ቆርጠው ሲያበቁ ለወሎ ሙስሊሞች የሦስት ዓመት ገደብ ሰጡ፤ ወይ ጥምቀት ወይ ቅጣት ሆነ። ብዙዎች ተሰደዱ፤ እንደ ሸይኽ ጦልሓ ኢብኑ ጀዕፈር ያሉት ተቃወሙ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወደ አሶሳ በሰፈራ ከመጡት ወሎዬዎች መካከል የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች አሉ። የመጡትም እስልምና በሱዳን በኩል፣ በፉንጅ ሱልጣኔት ዘመንና ከዚያም በኋላ ሥር ወደ ሰደደበት ወደ በርታ ምድር ነው። ከወሎ ተውሒድ የቀራ ሽማግሌና በሱዳን ማሊኪያ መንገድ የኢብኑ አቢ ዘይድን ሪሳላ የቀራ የበርታ ፈቂህ ዛሬ በአንድ ሰፍ ይሰግዳሉ። የሪሳላዋ መግቢያም በቀደር ማመንን ያዝዛል።

ከእነዚህ ሦስት ታሪኮች የምንማረው ምንድን ነው? ክርክር በጆሮ ሲጀመር እንደ ነጃሺ ችሎት ያልቃል። በብዕር ሲሆን መልሱም በብዕር ነው። በጉልበት ሲሆን ግን የሚቀረው ስደትና ቂም ብቻ ነው። ሰው በምርጫው ይጠየቃል ብለን የምናምን ከሆነ፣ የሌላውን ምርጫ በጉልበት መንጠቅ ከእምነታችን ጋር ይጋጫል።

ለወላጆች

ልጆቻችሁ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ እንደ እኔ አትቸኩሉ። «አትጠይቅ» የተባለ ልጅ መጠየቁን አይተውም፤ የሚጠይቀውን ሰው ይለውጣል እንጂ። በቀደር ምሥጢር ውስጥ ጠልቆ መግባት የተጠላ መሆኑ እውነት ነው፤ የአላህን ዕውቀት በልካችን ልንሰፍረው አንችልምና። ግን የምሥጢሩን ጥልቀት መተው አንድ ነገር ነው፤ የእምነቱን መሠረት ለልጅ ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። የማታውቁትን «ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ፤ ነውር የለውም።

ተማሪዬ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ለጓደኛው የዑመርን የሸለቆ ምሳሌ ነገረው። ጓደኛውም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሄዶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ እነርሱም ከአንድ በላይ መልስ እንደሰጡት ነገረው። ሁለቱ ዛሬም አብረው ያጠናሉ። ልጁ እያሳቀኝ ምን አለኝ መሰላችሁ፦ «ኡስታዝ፣ የሒሳብ ፈተና ሲደርስ ግን ሁለታችንም ማጥናት ግዴታ ነው በሚለው ተስማምተናል።»

አላህ ዕውቀትን ከሥራ ጋር፣ ተወኩልን ከትጋት ጋር ይስጠን። ልጆቻችንን በሐቅ ላይ ያጽናልን፤ አገራችንን ከደም መፋሰስ ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።